መዥገር፦ ከበረት ወደ መናፈሻ

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አሜሪካኖቹ ሜሞሪያል ዴይ በሚሉት ረጅም የዕረፍት ሰሞን፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት ትልልቅ መናፈሻዎች ወደ አንዱ ብቅ ያለ ሰው አማርኛ ለመስማት ብዙ መራመድ አያስፈልገውም። ከቅዳሴ የተመለሱ ቤተሰቦች የእንጨት ጠረጴዛውን ከበዋል፤ ከሰሉ ላይ ሥጋ ይጠበሳል፤ ቤት የተፈላው ቡና በፔርሙዝ ይዞራል። አባቶች ስለ ቤት ብድር ወለድና ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይከራከራሉ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ አሁንም አሁንም ከታጨደው መስክ እያለፈች ጫካው ጥግ ካለው ቁጥቋጦ ትገባለች፤ ቁምጣ የለበሰ አንድ ልጅ ተከትሏት ይገባል፤ ጉልበቱ ድረስ በሚመጣ ሳርና በአምና ቅጠል መካከል ዳብሶ ይዟት ይወጣል። ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም።

የታጨደው ሳር አልቆ ያልታጨደው በሚጀምርበት ወሰን ላይ ግን መዥገር አለች። የኋላ እግሮቿን ቅጠሉ ላይ ተክላ፣ የፊተኞቹን ወደ አየር ዘርግታ ትጠብቃለች። አትዘልም፤ አትበርም፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበውም ከዛፍ ላይ አትወርድም። የፊት እግሮቿ ጫፍ ላይ ትንፋሽን፣ ሙቀትንና የገላን ሽታ የምትለይበት እጅግ ትንሽ ጎድጓዳ አካል አላት። እግር ወይም ጸጉር ነክቷት ሲያልፍ ጨበጥ ታደርገውና ወደ ላይ መውጣት ትጀምራለች። በዚህ ሰሞን በብዛት የምትጠብቀው ታዳጊዋ ናት፤ መጠኗ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም።

ጠረጴዛው ዙሪያ የመዥገር ወሬ ቢነሳ መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። ገጠር ያደገው ይስቃል፤ አባቱ ከላሟ ጡት ሥር እየለቀመ ፍም ላይ ሲጥላት፣ ደም የጠገበችው መዥገር ጧ ብላ ስትፈነዳ ትዝ ይለዋል። ከተማ ያደገው የሚያውቃት በስድብ ብቻ ነው። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ መዥገር የከብት ጣጣ ናት፤ ሰው ላይ ብትወጣ አራግፎ መሄድ ነው።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ይህ እምነት ጉልበትን፣ ልብን፣ አንዳንዴም ክትፎን ያስከፍላል።

ላሞቹ ቀድመው ያወቁት

አገር ቤት ለዓመታት በእንስሳት ሕክምና የሠራ፣ ዛሬ በሌላ ሥራ የሚተዳደር አንድ ባለሙያ፣ የመዥገርን ጉዳት ለመረዳት ቆዳ ፋብሪካ መግባት ይበቃል ይላል። ከብቷ በሕይወት ሳለች ጸጉሯ የሸፈነው ቁስል ቆዳው ሲፋቅና ሲለፋ ብቅ ይላል፤ ጥሩ ዋጋ ያወጣ የነበረው ቆዳ ደረጃው ይወርዳል። ጡቷ ላይ የከረመች መዥገር ጡቱን ታደነቁረዋለች፤ ጥጃው ከአራቱ አንዱን ያጣል። ከዚያ ደግሞ ደሟ ውስጥ የሚገባው አለ፤ ሽንቷ ቀልቶ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የምትሞት ላም ያየ ገበሬ ከመጽሐፍ በፊት ያውቀዋል።

ሳይንሱም የተነሳው ከበረት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቴክሳስ ከብቶች ለገበያ ወደ ሰሜን ሲነዱ፣ ባለፉበት መንገድ ያሉ ከብቶች ያልቁ ነበር፤ ነጂዎቹ ይዘዋቸው የመጡት ግን ምንም አይሆኑም። ከብት አርቢዎቹ «መዥገሯ ናት» ሲሉ ብዙው ምሁር ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን የተባሉ ተመራማሪዎች ግን በዋሽንግተን አቅራቢያ በነበረ የመንግሥት የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ነገሩን በትዕግሥት ፈተኑት። ከደቡብ የመጡትን ከብቶች መዥገር አንድ በአንድ በእጅ አስለቅመው ከጤነኞቹ ጋር አዋሏቸው፤ የታመመ የለም። መዥገሯን ብቻ አምጥተው መስኩ ላይ ሲበትኗት ጤነኞቹ ታመሙ። ውጤቱን በ1893 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ ከመረጋገጡ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ታሪኩ ዛሬም አላበቃም። በ2017 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ አንዲት በግ ላይ ከዚህ ቀደም በአገሩ ያልታወቀች የእስያ መዥገር ተገኘች። ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች፤ አንዲት ብቻዋን መስክ ትሞላለች። ዛሬ ቨርጂኒያ ደርሳ የከብት ደም በሽታ እያስተላለፈች ነው።

የሁለት እናቶች ግትርነት

ወደ ሰው እንምጣ። በ1975 እ.ኤ.አ. ኮነቲከት ውስጥ፣ በኦልድ ላይምና በአካባቢዋ ባሉ በጫካ የተከበቡ ትንንሽ ከተሞች፣ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ በክራንች መሄድ ጀመሩ። ሐኪሞቹ በልጆች ላይ የሚታይ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አሉ። ፖሊ መሪ የተባለች እናት ግን አልተዋጠላትም። እሷም፣ ባሏም፣ ልጆቿም ለዓመታት በማይገባ ሕመም ሲንገላቱ ኖረዋል፤ ጭንቀት ነው፣ የአእምሮ ነው እስከመባል ደርሳለች። ሌላ እናትም በሠፈሯ ያሉትን የታመሙ ልጆች ስትቆጥር ቁጥሩ አልጥምሽ አላት። ሁለቱም በየፊናቸው የጤና መሥሪያ ቤቱን ወተወቱ።

ጉዳዩ የየል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አለን ስቲር ዘንድ ደረሰ። ስቲር በሦስት ጎረቤት ከተሞች 51 ሕሙማን አገኘ፤ 39ኙ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ የመገጣጠሚያ በሽታ በአንድ ሠፈር ተሰብስቦ አይገኝም። አብዛኞቹ የታመሙት በበጋ ነው፤ ቤታቸው ከጫካ ዳር ነው፤ አንዳንዶቹ ከሕመሙ በፊት ቆዳቸው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ቀለበት እንዳዩ ያስታውሳሉ። ይህን ቀለበት አርቪድ አፍዜሊየስ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በ1909 ከመዥገር ንክሻ ጋር አያይዞ ገልጾት ነበር። በሽታው የከተማዋን ስም ወርሶ ላይም ተባለ።

ተህዋሱን ያገኘው ዊሊ ቡርግዶርፈር ነው። ስዊዘርላንድ ተወልዶ ሞንታና ውስጥ መዥገር ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። በ1981 ከኒው ዮርክ ሼልተር ደሴት የተላኩለትን መዥገሮች ሆድ ሲሰነጥቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ በማጉያው ውስጥ ያየው ግን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ሆነ። ወዲያው ነቃ፤ በወጣትነቱ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በአፍሪካ መዥገር በሚተላለፈው በሚያገረሽ ትኩሳት ላይ ነበርና መልኩን ያውቀዋል። የዚሁ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ በአገራችን በቅማል እየተላለፈ እስር ቤትንና መጠለያን ሲፈጅ የኖረው ነው። አዲሱ ባክቴሪያ በአግኚው ስም ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተብሏል።

አዲስ ተባለ እንጂ አዲስ አይደለም። በአልፕስ በረዶ ውስጥ ከ5000 ዓመት በላይ ተቀብሮ የተገኘው ሰው ሬሳ ውስጥ ሳይቀር የቦሬሊያ አሻራ ታይቷል። አዲሱ ነገር ስፋቱ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዛሬ በየዓመቱ ወደ 476,000 የሚጠጋ ሰው ለላይም ሕክምና እንደሚወስድ ይገምታል።

> ጓሮው ከጫካ ጋር የሚዋሰን ቤት ዋጋው ይወደዳል። አብሮ የሚገዛውን ነገር ደላላው አይነግርም።

ጫካው ሲመለስ

ለምን ተስፋፋ? ብዙ ሰው ጫካ ስለጠፋ ይመስለዋል፤ እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ያለው ደን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለእርሻ ተመንጥሮ ነበር። ገበሬው እርሻውን ጥሎ ወደ ምዕራብና ወደ ከተማ ሲሄድ ዛፉ በራሱ ጊዜ መልሶ በቀለ። በአደን ሊጠፋ የደረሰው አጋዘንም ተመለሰ፤ የሚበላው ተኩላ ግን አልተመለሰም። ከዚያ የከተማ ዳር ሠፈሮች ጫካውን እየቆራረጡ ገቡ፤ ቤት፣ ሳር፣ ትንሽ ጫካ፣ እንደገና ቤት። ለአጋዘንም ለአይጥም ከዚህ የተሻለ ኑሮ የለም።

አጋዘን የጎልማሳዋ መዥገር ገበታ ነው፤ እሱ ላይ ጠግባ ትወርድና ሺህ በሺህ እንቁላል ትጥላለች። ላይምን የምታገኘው ግን ከእሱ አይደለም። ከእንቁላል የወጣችው እጭ ከበሽታው ንጹሕ ናት፤ በመጀመሪያ የምትሰፍረው ብዙውን ጊዜ ነጭ እግር ያላት የጫካ አይጥ ላይ ነው፤ ባክቴሪያውን ከዚያ ትቀዳለች። አይጧ ራሷ አትታመምም። መዥገሯ ክረምቱን ቅጠል ሥር ተኝታ በተከታዩ ግንቦትና ሰኔ ታዳጊ ሆና ትነሳለች፤ አሁን የሚቀጥለው ገበታዋ ማን እንደሆነ ግድ የላትም። ኒው ዮርክ ውስጥ በካሪ የሥነ ምኅዳር ተቋም የሚሠራው ሪቻርድ ኦስትፌልድና ባልደረቦቹ ሰንሰለቱን እስከ ዛፉ ድረስ ተከትለውታል፤ የኦክ ዛፍ ፍሬ በበዛ በማግሥቱ ዓመት አይጥ ይበዛል፤ አይጥ በበዛ በማግሥቱ የተለከፈ መዥገር ይበዛል።

ክረምቱ ለስለስ ማለቱ ደግሞ ድንበሩን እየገፋው ነው። ቀድሞ ብርዱ የሚገድላት መዥገር አሁን ካናዳ ውስጥ ትከርማለች። እኛም በበኩላችን ወደ እሷ ተጠግተናል። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድርያ አፓርታማ ወጥቶ ራቅ ካለ ሠፈር ቤት የገዛ ወገን፣ ለልጆቹ ጓሮ፣ ለራሱ ጎመንና ቃሪያ የሚተክልበት ቁራሽ መሬት ሲመርጥ፣ ጫካ ዳር ያለውን ነው የሚመርጠው። ማን ይፈርድበታል? ዕይታው ያምራል።

ነጩ ጨርቅ

መዥገር የሚቆጥሩ ተመራማሪዎች መሣሪያቸው ያስቃል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ወፍራም ጨርቅ በአንድ ወገኑ እንጨት ላይ ይሰፋል፤ እንጨቱ ገመድ ይታሰርበትና ጨርቁ በጫካው መሬት ላይ ይጎተታል። በቃ። ጎታቹ ነጭ ቱታ ለብሷል፤ ካልሲውን ሱሪው ላይ ስቦ በፕላስተር አጣብቆታል። ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ተንበርክኮ ጨርቁን ይገለብጣል፤ ዓይኑን አጥብቦ ያያል። መጀመሪያ ሁሉም ቆሻሻ ይመስላል። ከዚያ ከቆሻሻዎቹ አንዱ ይንቀሳቀሳል። በወረንጦ ይነሣና አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ጉተታው ይቀጥላል። ጠል ባለበት ጠዋት አይሠራም፤ ጨርቁ ከራሰ መዥገሯ በወጉ አትይዘውም።

ይህን ሥራ ያየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ፀሐይ በሚመታው በታጨደው መስክ መሐል ጨርቁ ብዙም የሚይዘው የለም። ጫካው ጫፍ ደርሶ የረገፈው ቅጠል ላይ ሲወጣ ብልቃጡ ይሞላል። መዥገር ድርቀት ይገድላታል፤ ጥላና እርጥበት ነው የምትፈልገው። ለዚህ ነው ኳስ ፍለጋ የሚገባው ልጅ ኳስ ከሚጫወተው ልጅ ይልቅ የሚያሳስበው።

ገላ ላይ ከወጣች በኋላ አትቸኩልም። ብብት፣ ጉልበት ኋላ፣ ጆሮ ሥር፣ እምብርት፣ ጭን መሐል፣ የራስ ጸጉር ውስጥ፤ ቀጭንና ሞቃት ቆዳ ትፈልጋለች። ስታገኝ በሁለት ስለት ቆዳውን ትቀደውና ወደ ኋላ ያዘነበለ እሾህ ያለበት አፏን ትከታለች፤ ዙሪያውን በሚደርቅ ፈሳሽ ትለስነዋለች። ምራቋ ያደነዝዛል፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዘናጋል። ስለዚህ የተነከሰው ሰው ምንም አይሰማውም። ትንኝ ብትሆን በጥፊ በመታት ነበር።

የላይም ባክቴሪያ ግን እዚያው ዝግጁ ሆኖ አይጠብቅም። ያለው መዥገሯ ሆድ ውስጥ ነው፤ ትኩስ ደሙ ሲደርሰው ይነቃና ወደ ምራቅ ዕጢዋ ይጓዛል። ይህ በአብዛኛው ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በዚያው ምሽት የተነቀለች መዥገር ላይምን ሳታስተላልፍ የመሄድ ዕድሏ በጣም ከፍተኛ ነው። ሁሉም ተህዋስ እንዲህ ታጋሽ አይደለም፤ ፖዋሳን የሚባለው ብርቅ ግን ክፉ ቫይረስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል።

በእኛ ቆዳ ላይ

የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የላይም ምልክት ተብሎ የሚታየው ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ነጣ ያለ ቆዳ፣ ሮዝ ቀለበት፣ መሐሉ ላይ ነጥብ። ንክሻው ካለፈ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ቀለበት ሳይሠራ እንዲሁ የሚሰፋውም ብዙ ነው። ጠየም ያለ ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ወይን ጠጅ ወደ መምሰል፣ ወይም ምት ያረፈበት ቦታ ወደ መምሰል ይሄዳል። ጀርባ ላይ ወይም ብብት ውስጥ ከሆነ ጭራሽ ልብ አይባልም። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ሕሙማን በሽታው ወደ መገጣጠሚያ ወይም ወደ ነርቭ ከተሻገረ በኋላ የመታወቅ ዕድላቸው ከነጮቹ የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል።

«ሐኪሙ ቀይ ነገር አይተሃል ወይ ሲለው አላየሁም ይላል። አልዋሸም፤ ቀይ አልነበረማ!» ትላለች በሜሪላንድ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ። እሷ የምትጠይቀው ሌላ ነው። ቀን በቀን እየሰፋ የሄደ፣ ሲነካ ሞቅ የሚል፣ እምብዛም የማያሳክክና የማያምም ምልክት ነበረ ወይ? ካለ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዙሪያውንም በእስክሪብቶ አስምሩበት፤ በማግሥቱ ከመስመሩ ካለፈ ሐኪሙ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

> «አላየሁም ይላል። አልዋሸም፤ ቀይ አልነበረማ!»

ሽፍታው ካመለጠ ቀጥሎ የሚመጣው ምልክት ለእኛ ሰው ሌላ ስም አለው። በሐምሌ አንድ ጎልማሳ ጠዋት ሲነሣ የፊቱ አንድ ወገን ወርዷል፤ ዓይኑ አልከደን ብሎታል። ቤተሰቡ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል፤ በመስኮት በኩል የገባው የአየር ማቀዝቀዣ ነፋስ ይወቀሳል፤ ይታሻል፣ በሙቅ ጨርቅ ይያዛል፣ ጸበል ይወሰዳል። ጸበሉን የሚከለክል የለም። ፊት የሚጣመምበት ምክንያትም ብዙ ነው፤ አብዛኛው ላይም አይደለም። ነገር ግን መዥገር ባለበት አገር በበጋ የፊት መጣመም ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር ነው። ጉልበቱ ድንገት ያበጠበት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛም እንዲሁ፤ እሱ ቆሞ ከመዋል ነው ብሎ ያምናል። ጥቂቶች ላይ ደግሞ በሽታው የልብን ምት ያዘገያል፤ ራስ ማዞርና መድከም ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ሰውን ሊገድል የሚችለው ይኸኛው ነው።

የደም ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይታመንም። የሚፈልገው ሰውነት የሚያመርተውን መከላከያ ነውና ገና ሳይመረት ከተመረመረ የለም ይላል። ስለዚህ ሽፍታው ከታየ ሐኪሞች ውጤት ሳይጠብቁ መድኃኒት ይጀምራሉ። መድኃኒቱም ብርቅ አይደለም፤ አገር ቤት በየፋርማሲው የሚታወቀው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በቶሎ ከተጀመረ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። እዚህ ላይ አንድ ፋርማሲስት የሚያማርርበት ጉዳይ አለ፦ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ፀረ ባክቴሪያ። ሰውየው ሦስት ቀን ውጦ ትኩሳቱ ሲለቀው ይተወዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል።

ሕክምናውን በወጉ ከጨረሱት መካከልም ጥቂቶች ለወራት ድካምና ቁርጥማት አይለቃቸውም። ምክንያቱ ገና ያከራክራል። በዚህ ክርክር መሐል ለዓመታት የሚዘልቅ ፀረ ባክቴሪያ በደም ሥር እየሰጡ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍሉ አሉ፤ በጥንቃቄ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ከጉዳት በቀር ጥቅም እንዳለው አላሳዩም።

ወባን ለምናውቅ ደግሞ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ያችው የላይም መዥገር፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች፣ ባቤዢያ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ታስተላልፋለች፤ የላሟን ሽንት የሚያቀላው የዚህ ወገን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ላብ ያመጣል፤ በማጉያ ሲታይ ከወባ ጋር ይምታታል። በቅርቡ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ላይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ልክም ነው። መናፈሻ ውስጥ መዋሉን ካልነገረው ግን ሁለተኛውን አያስብም።

ከክትፎው በኋላ

ወደ ሰው ከመጣን ወዲህ ያወራነው ስለ አንዲት መዥገር ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግን ሌላዋ ትበዛለች፤ ሎን ስታር ትባላለች፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለባት። ይህችኛዋ ሳር ላይ ተቀምጣ ብቻ አትጠብቅም፤ ትንፋሽ ከሸተታት ተነሥታ ትመጣለች። ላይም አታስተላልፍም። ከዚያ ይልቅ አንዳንድ ሰው ቀይ ሥጋ እንዳይበላ ታደርጋለች።

ነገሩ የተገለጠው በካንሰር መድኃኒት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሴቱክሲማብ የተባለ አዲስ መድኃኒት በቴነሲና በኖርዝ ካሮላይና የሚወስዱ ሕሙማን ገና የመጀመሪያው ጠብታ ሲገባ በአለርጂ ይወድቁ ነበር፤ በሌላ ክፍለ ግዛት ግን እምብዛም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የአለርጂ ተመራማሪ የሆነው ቶማስ ፕላትስ ሚልስና ቡድኑ ምክንያቱን ሲፈልጉ አልፋ ጋል የሚባል ስኳር ላይ ደረሱ። ይህ ስኳር በላም፣ በበግ፣ በፍየል፣ በአሳማ ሰውነት ውስጥ አለ፤ በሰው ውስጥ የለም። መዥገሯ በምራቋ ስትወጋው የሰው ሰውነት ጠላት ነው ብሎ ይመዘግበዋል። በኋላ ሥጋ ሲመጣ ያንኑ ጠላት ያያል። ፕላትስ ሚልስ ራሱ በ2007 ተራራ ሲወጣ የመዥገር እጭ ወረረው፤ ከወራት በኋላ ለንደን ውስጥ የበግ ሥጋ በልቶ ተኛ፤ ሌሊት ገላው በሙሉ በሽፍታ ተሸፍኖ ነቃ።

ይህን አለርጂ አስቸጋሪ የሚያደርገው መዘግየቱ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ገና እያኘከ ያውቀዋል። ይኸኛው ግን ከበሉ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጥሬ ሥጋ የቆረጠ፣ ክትፎ የበላ ሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መዳፉንና እግሩን እያከከ ይነሣል፤ ወይም ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሲከፋ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ይስታል። ጠዋት የሚወቀሰው ልኳንዳ ቤቱ ነው። ወይ ሚጥሚጣው። ወይ ዓይነ ጥላ።

> ከሁዳዴ በኋላ በፋሲካ ማግሥት የሚታመም ሰው «ሆዴ ቅባት ረስቶ ነው» ይላል።

ጾማችን ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ይሰውረዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋም ቅቤም ስለሌለ አለርጂው ድምፁን ያጠፋል። ፋሲካ ሌሊት ሲገደፍ ይመለሳል፤ ያን ዕለት ሆዱ ያልተረበሸ ማን አለ? ማንም ሐኪም ቤት አይሄድም። ዶሮና ዓሣ አልፋ ጋል የለባቸውም፤ ስለዚህ ዶሮ ወጥ በመርህ ደረጃ ደኅና ነው። የተነጠረው ቅቤ ግን ወተት ነውና በጣም የተጠቁትን ይነካቸዋል፤ ጄላቲን ያለበት የመድኃኒት ሽፋን ሳይቀር የሚነካቸው አሉ።

የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ በ2023 ባወጣው ግምት ከ2010 ወዲህ እስከ 450,000 ሰው በዚህ ሳይጠቃ አልቀረም። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ከተጠየቁት አሥር የጤና ባለሙያዎች አራቱ ያህል ስለዚህ አለርጂ ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ ሌሊት በሥጋ የሚታመም ሰው ራሱ «አልፋ ጋል ይመርመርልኝ» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አያስቆጥርበትም፤ የደም ምርመራው አለ። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። እንደገና ካልተነከሱ ግን ከአንዳንዱ ሰው ላይ በዓመታት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል።

የማታ ለቀማ

መከላከሉ ከባድ አይደለም፤ ከባድ የሚሆነው በየቀኑ ማድረጉ ነው። ጫካ የሚገባ ሰው ረጅም ሱሪ ይለብስ፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይክተት። ያምራል አላልኩም። ፈዛዛ ቀለም ያለው ልብስ መዥገሯን ያጋልጣታል። ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበት ማባረሪያ ገላ ላይ ይቀባል። ፐርሜትሪን የሚባለው ግን ለልብስና ለጫማ ብቻ ነው፤ ተረጭቶ ሲደርቅ ለብዙ ሳምንት ይሠራል፤ እርጥብ ሳለ ድመት እንዳይነካው።

ቤት ሲገባ ልብሱ ከመታጠቡ በፊት ደረቁን ማድረቂያው ውስጥ ይግባ፤ ከፍ ባለ ሙቀት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ውኃ መዥገርን አይገድላትም፤ ደረቅ ሙቀት ይገድላታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላን መታጠብ ያልተጣበቀችውን ያወርዳታል። ከዚያ መፈለግ ነው፤ ልጆችን እናት ወይም አባት፣ ትልልቆቹን መስታወት ወይም የትዳር ጓደኛ። ጸጉራቸው የተሠራ ሴቶች ልጆችን ሹሩባው ሥር በጣት መዳበስ ያስፈልጋል፤ ዓይን ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ከተገኘች ክብሪት አይለኮስባትም፤ ቫዝሊን፣ ላምባ፣ የጥፍር ቀለም አይቀባባትም። እንደዚያ ስትጨነቅ ሆዷ ያለውን ወደ ቁስሉ ልትመልስ ትችላለች። እሾህ የምናወጣበት ጫፉ ሹል ወረንጦ ይበቃል፤ ቆዳው ድረስ ተጠግቶ አፏን መያዝ፣ ሳያጣምሙና ሳይነጥሩ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ሆዷን መጭመቅ አይደለም። ከአፏ ቁራጭ ቢቀር ቆዳው በራሱ ይተፋዋል፤ በመርፌ መቆፈር የሚያመጣው ቁስል ይብሳል። ቦታው በሳሙና ይታጠባል፤ መዥገሯ አልኮል ውስጥ ትገባለች ወይም ፕላስተር ላይ ተጣብቃ ቀኑ ይጻፍባታል። ላይም በሚበዛበት አካባቢ ደም ጠጥታ ያበጠች ከሆነችና ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ሳትቆይ አትቀርም ከተባለ፣ ከተነቀለች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን አለ፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ክትባትስ? ነበረ። ላይመሪክስ የሚባል የሰው ክትባት በ1998 ተፈቅዶ በ2002 አምራቹ ራሱ ከገበያ አወጣው፤ ፈላጊው አንሶ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል የሚል ወሬና ክስ በዝቶበት ነበር፤ ወሬውን የተቆጣጣሪው ምርመራ አላጸናውም። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በየእንስሳት ክሊኒኩ ውሻ የላይም ክትባቱን ሲወጋ ባለቤቱ ያለ ምንም ኖሯል። ፋይዘርና ቫልኔቫ የተባሉ ኩባንያዎች በ2022 በሺዎች ላይ የሚካሄድ አዲስ ሙከራ ጀምረዋል። ይህም ቢሆን የተሠራው ለላይም ብቻ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባትን አይመለከትም።